አካባቢ ሳይንስን በእጅ ማስተማር፦ በጎጃም አፈር፣ ውኃና ዕፅዋት ምን ምን ሙከራ ይሠራል?

መምህርት ዘማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

አራተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን የአፈር መሸርሸር ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ የላይኛው ለም አፈር በጎርፍና በነፋስ ተጠርጎ መወሰዱ እንደሆነ ቃል ሳያጎድሉ ይመልሱልኛል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ግርጌ ያለው ቦረቦር ከክረምት እስከ ክረምት ለምን እየሰፋ እንደሚሄድ ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። ትርጉሙን በቃላቸው ይዘውታል፤ በየቀኑ እየዘለሉት የሚመጡት ቦረቦር ስለዚያው ነገር እንደሚናገር ግን ማንም አላሳያቸውም። ስለዚህ በዚህ ዓመት ከትርጉም ተነሥቶ ወደ ምሳሌ መሄዱን ትቼ፣ ከሙከራ ተነሥቼ ወደ ትርጉም ለመድረስ ወስኛለሁ።

እስካሁን ጥሩ ውጤት ያየሁበት ይህ ነው። ሦስት ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙሶች በጎናቸው አስተኝቼ፣ ወደ ላይ የዞረውን ጎናቸውን በመቀስ ቆርጬ እከፍታለሁ። በአንደኛው ባዶ አፈር፣ በሁለተኛው ጭድ የለበሰ አፈር፣ በሦስተኛው ከነሥሩ የተነሣ ሰርዶ ከነአፈሩ ይገባል። ጠርሙሶቹ በድንጋይ ተደግፈው እኩል ያዘነብላሉ፤ ክዳናቸው ይነሣል፤ ከአፋቸው ሥር ኩባያ ይቀመጣል። ውኃው ከመፍሰሱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ የትኛው ኩባያ ይበልጥ እንደሚደፈርስና ለምን እንደሚደፈርስ ግምቱን በደብተሩ ይጽፋል። ግምቱን ሳይጽፍ ውጤቱን ያየ ልጅ «አውቀው ነበር» ብሎ ያልፋል። የጻፈው ግን ከራሱ ጽሑፍ ጋር ይከራከራል፤ ትምህርቱም የሚጀምረው በዚያ ክርክር ነው።

እናንተን የምጠይቀው ስለ ሁለት ነገሮች ነው። በመጀመሪያ፣ ከአፈር ሌላ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ ውኃና ስለ ወቅቶች ያለ ቤተ ሙከራ፣ በአካባቢያችን ባለው ነገርና በእኛ የወቅት አቆጣጠር የሚሠሩ ሙከራዎችን እንድታካፍሉኝ ነው። ሁለተኛው፣ ልጆች በሞሉበት ክፍል በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሁሉም ልጅ እጁን እንዲያስገባ ምን እንደምታደርጉ ነው።

የአፈር ባለሙያ (ደምበጫ)

መምህርት፣ ያነሡት ጉዳይ እጅግ አስደስቶኛል። የእርስዎ ሦስት ጠርሙሶች በአጥቢያችን ለረጅም ዘመን የተሠራ ምርምር ታናሽ ወንድሞች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአንጀኒ ተፋሰስ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ሆኖ ተቋቁሟል። በዚያም ከተከለሉ የመሬት ቁራጮች የሚወርደው ጎርፍ በገንዳ እየተጠራቀመ፣ ከየቁራጩ ምን ያህል ውኃና ምን ያህል አፈር እንደወረደ ይለካ ነበር። ለልጆቹ «እናንተ የምትሠሩትን ሥራ እዚሁ ጎረቤት ባለሙያዎች ሠርተውታል» ብለው ቢነግሯቸው ሥራቸውን ይበልጥ ያከብሩታል።

ሙከራው እንዲታመን ግን ከሽፋኑ በስተቀር ሌላው ሁሉ እኩል መሆን አለበት። የጠርሙሶቹ ዝንባሌ፣ የአፈሩ መጠንና ዓይነት፣ የውኃው ልክና ውኃው የሚወርድበት ከፍታ እንዳይለያዩ ያስፈልጋል። በጣሳ ግርጌ በምስማር ቀዳዳዎች አብጅተው ውኃውን በዚያ ቢያወርዱት ለዝናብ ይቀርባል፤ ከማሰሮ እንደሚንቆረቆር ካወረዱት ግን አፈሩን የሚቦረቡረው የእርስዎ እጅ እንጂ የዝናብ ጠብታ አይሆንም። ጠብታ ብቻዋን ምን እንደምትሠራ ለማሳየትም አንድ ሰሐን ሙሉ ባዶ አፈር ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው በጣሳው ውኃ ያውርዱበት። ወረቀቱ ላይ የተረጨውን ጭቃ ልጆቹ በማስመሪያ ከሰሐኑ ጠርዝ ጀምረው ምን ያህል እንደራቀ ይለኩት። ከዚያ አፈሩን ጭድ አልብሰው ይድገሙት።

በኩባያዎቹ የተጠራቀመውን ድፍርስ ውኃም አይድፉት። እስከ ማግሥቱ ይዝቀጥ፤ የጠራው ውኃ በቀስታ ይቀዳ፤ የቀረው ጭቃ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ሚዛን ከሌለ በአንድ ቀጥ ያለ ዘንግና በሁለት የጣሳ ክዳኖች ሚዛን ተሠርቶ፣ የደረቀው አፈር ስንት የባቄላ ፍሬ እንደሚመዝን መቁጠር ይቻላል። «ይህ ከዚያ ይበልጣል» ከማለት «ይህ የዚያን ሦስት እጥፍ ያህል ነው» ወደ ማለት ያደረሱት ልጅ መለካትን ተማረ ማለት ነው።

ዘእንጅባራ

እኛ ዘንድ ትልቁ ጉዳይ የአፈር ኮምጣጣነት ነው። ዝናብ በሚበዛበት የአዊ ደጋ ለዘመናት የወረደው ዝናብ ለዕፅዋት የሚጠቅሙትን ማዕድናት አጥቦ ስለወሰዳቸው፣ ገብስና ባቄላ ቢዘሩም ቀጭጨው ይቀራሉ፤ ገበሬውም ማሳውን በኖራ ያክማል። ይህን ለልጆች ለማሳየት አንዳንድ መምህራን የከርከዴ ውኃ ሲጠቀሙ አይቻለሁ። የከርከዴ ውኃ ሎሚ ሲጨመርበት ደምቆ ይቀላል፤ የአመድ ውኃ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ልጆች በዚህ እጅግ ይደሰታሉ፤ ኮምጣጣ የሆነውንና ያልሆነውን ለማስተዋወቅም ጥሩ ነው። ነገር ግን በከርከዴ የአፈርን ኮምጣጣነት እንለካለን ብለን ለልጆች መንገር የለብንም፤ በአፈሮች መካከል ያለው ልዩነት በዚህ መንገድ በግልጽ ለመታየት በጣም ትንሽ ነውና።

እኔ የምመርጠው የማሰሮ ሙከራ ነው። ከአንድ ማሳ የተወሰደ ኮምጣጣ አፈር ለሁለት ተከፍሎ፣ ለአንዱ የእርሻ ኖራ ተቀላቅሎበት ለሌላው ሳይቀላቀልበት፣ በሁለቱም እኩል ቁጥር ያላቸው የባቄላ ፍሬዎች ይዘሩ። ልጆቹ በየሳምንቱ ቁመቱንና የቅጠሉን ብዛት ይመዝግቡ። በመጨረሻ ተክሎቹ ተነቅለው ሥራቸው በውኃ ይታጠብና ጎን ለጎን ይዘርጋ፤ ከላይ ካለው ይልቅ ከታች ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል። ሥሩ ላይ ያሉትን እንክብል እባጮችም በጥፍራቸው ከፍለው ይመልከቱ። ውስጡ ወደ ሮዝ የሚያደላ ከሆነ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ለተክሉ በማዘጋጀት ላይ ናቸው። ማሰሮ የሌለው መምህር በጥቅምት ወር ከባቄላ ወይም ከግብጦ ማሳ በባለቤቱ ፈቃድ ጥቂት ተክል ነቅሎ ይህንኑ ማሳየት ይችላል።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። ኖራው ለእርሻ የሚፈጨው መሆን አለበት፤ ለግንብ የሚቃጠለው ኖራ ዓይንንና ቆዳን ይጎዳልና ልጆች እንዳይነኩት። ሁለተኛው፣ ግብጦ በወራጅ ውኃ ተዘፍዝፎ መራራነቱ ሳይወጣ መርዛማ ስለሆነ፣ ልጆቹ ጥሬውን ወደ አፋቸው እንዳያስገቡ አስቀድሞ ይነገራቸው።

ባሕር ዳር ነኝ

ስለ ውኃ ለጠየቁት፣ እምቦጭን እንደ መማሪያ ብንጠቀምበት የሚል ሐሳብ አለኝ። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ አረም ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የሐይቁ ዋና ችግር ሆኗል። ያበጠውን የቅጠሉን አገዳ በምላጭ ስንሰነጥቀው ውስጡ አየር የሞላበት ስፖንጅ መስሎ ይታያል፤ ለምን እንደሚንሳፈፍ ልጅ ወዲያው ይገባዋል። ሁለት እኩል ባልዲዎች ውኃ ሞልተን፣ አንዱን ባዶ፣ ሌላውን ከነእምቦጩ ፀሐይ ላይ ብናስቀምጥና የውኃውን መጠን በየቀኑ በማስመሪያ ብንለካ፣ ተክሉ በቅጠሉ በኩል ምን ያህል ውኃ እንደሚያተን ይታያል። ከሐይቁ ራቅ ላሉ ትምህርት ቤቶችም ተክሉን ማምጣት እንችላለን።

ዘእንጅባራ

ወንድሜ፣ ሙከራው መልካም ሆኖ ሳለ የመጨረሻውን ሐሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ። የእምቦጭ ቅንጣት ከአንድ ውኃ ወደ ሌላ ውኃ የሚዛመተው በሰው እጅ ጭምር ነው፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አንድ ባልዲ እምቦጭ ወደ ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ወይም ወደ ማንኛውም የደጋ ኩሬ ቢደርስ፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ እያስተማርን አካባቢውን ጎዳን ማለት ነው። ሐይቁ ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች እዚያው ይሥሩት፤ ሲያበቁም ተክሉን አድርቀው ያቃጥሉት። ራቅ ያልነው ደግሞ በጓሮ በበቀለ ጎመን ወይም በማንኛውም ቅጠለ ሰፊ ተክል ይህንኑ ማሳየት እንችላለን፤ ቅጠሉን ከነቅርንጫፉ በላስቲክ ከረጢት አስረን ፀሐይ ላይ ብንተወው ከከረጢቱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጠል ተሰብስቦ እናገኛለን።

ባሕር ዳር ነኝ

ትክክል ነዎት፤ ሐሳቤን እመልሳለሁ። በዚሁ አጋጣሚ የሐይቁ ዳር መምህራን እንዲጠነቀቁ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በጣና ዳርቻና ቀስ ብለው በሚፈሱ ወንዞች ውስጥ በቀንድ አውጣዎች አማካይነት የሚተላለፈው ቢልሃርዝያ በቆዳ በኩል ስለሚገባ፣ ልጆች እግራቸውን ወደ ውኃው ማስገባት የለባቸውም። ናሙናው በመምህሩ እጅ በረጅም ገመድ በታሰረ ባልዲ ይቀዳ፤ ልጆቹ በነጭ ሳሕን ላይ አፍስሰው የሚርመሰመሱትን ነፍሳት ይመልከቱ። በጠጠር፣ በአሸዋና በከሰል የሚሠራውን የጠርሙስ ማጣሪያ የሚሠሩ መምህራንም፣ የጠራ ውኃ ንጹሕ ውኃ ማለት እንዳልሆነና ሳይፈላ እንደማይጠጣ ለልጆቹ ደጋግመው ይንገሩ።

ከሞጣ

ስለ ወቅቶች ለተጠየቀው አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ መጻሕፍት የእኩለ ቀን ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን እንደሚወድቅ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህ የሩቅ ሰሜን አገሮች እውነት ነው። ደብረ ማርቆስ በ10 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስላለች፣ ፀሐይ ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 20 ገደማ እኩለ ቀን ላይ ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን ትሆናለች፤ ጥላውም ወደ ደቡብ ይወድቃል። አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ በግቢው ተክላችሁ፣ በየካቲትና በግንቦት የእኩለ ቀን ጥላውን ጫፍ በድንጋይ ምልክት አድርጉ። ጥላው ጎን ሲለውጥ ያዩ ልጆች የምድርን ማዘንበል በዓይናቸው አዩት ማለት ነው። አጭሩ ጥላ የሚገኘው ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ሰዓታችን የተቃኘው በአገራችን ምሥራቅ በሚያልፈው 45ኛ ኬንትሮስ ሲሆን፣ እኛ ከዚያ 7 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ስለሆንን ፀሐይ ዘግይታ ትደርስብናለች።

የዱርቤቴ መምህር

በሜጫና በአቸፈር ማሳው ሁሉ በኑግ አበባ ቢጫ በሚሆንበት በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ወር የሚሠራ ሙከራ አለኝ። የኑግ ተክል በራሱ ብናኝ ፍሬ ለመያዝ እጅግ ይቸገራል፤ ንብና ሌሎች ነፍሳት ከሌላ ተክል ብናኝ ሊያመጡለት ይገባል። አበባው ከመፈንዳቱ በፊት ጥቂት እምቡጦችን በአሮጌ የአጎበር ጨርቅ ሸፍነን በክር እናስራለን፤ ሌሎች ጥቂቶችን ደግሞ ሳንሸፍን በቀይ ክር ምልክት እናደርጋለን። እምቡጡ ከፈነዳ በኋላ ቢሸፈን ንቡ አስቀድሞ ደርሶበት ይሆናልና ሙከራው ዋጋ የለውም። በኅዳር መጨረሻ ሲደርቅ የሁለቱንም ራስ ነጭ ወረቀት ላይ አርግፈን የሞላውን ፍሬና ባዶውን ቅርፊት ልጆቹ ይቆጥራሉ። የሞላው ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ባዶው በጣት ሲጫኑት ይደቃል።

ከዚህ ሙከራ በኋላ አንድ ልጅ ማሳ ላይ መድኃኒት በሚረጭበት ሰዓት ንቦች አበባ ላይ እንደሆኑ አስተውሎ፣ ለምን ወደ ማታ እንደማይረጭ ጠየቀኝ። መልሱን ለአባቱ እንዲነግር አበረታታሁት። ወደ ማሳ ስትሄዱ ግን የንብ ንድፊያ የሚያሳብጠው ልጅ መኖሩን አስቀድማችሁ ከወላጆች አረጋግጡ።

ጋሽ የቀድሞ ርዕሰ መምህር

ልጆቼ፣ የምታነሡት ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን መምህርቷ ስለ ተማሪ ብዛት ያነሡትን እስካሁን ማንም አልመለሰውም። ከ60 በላይ ልጅ በሚማርበት ክፍል መምህሩ ራሱ ፊት ቆሞ ሠርቶ ቢያሳይ ይበቃል የሚል አቋም አለኝ። ጭቃ፣ ውኃና መቀስ ለሁሉም ልጅ ሲታደል ክፍለ ጊዜው በማደል ያልቃል፤ የሚጎዳም አይጠፋም። ጥሩ አድርጎ ያሳየ መምህር መጥፎ አድርጎ ካሠራ መምህር ይሻላል።

መምህርት ዘማርቆስ

ጋሼ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ፤ መቀስና ምላጭ በመምህሩ እጅ ብቻ መሆን እንዳለበት ፍጹም እስማማለሁ። ነገር ግን ሠርቶ ማሳየት ብቻውን ይበቃል በሚለው አልስማማም። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ የሚያየው የመምህሩን ጀርባ ነው፤ ድፍርሱን ውኃ በኩባያ ይዞ የተቀበለ ልጅ ግን ጭቃው ከየት እንደመጣ አይረሳም። እኔ ዝግጅቱን ሁሉ ከክፍለ ጊዜው በፊት እጨርሳለሁ። ከዚያም ሥራውን ለሰው እከፍላለሁ፦ አንዱ ውኃ ይለካል፣ አንዱ ያፈሳል፣ አንዱ ኩባያ ይይዛል፣ አንዱ ሰዓት ይቆጥራል፣ አንዱ ይመዘግባል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራው ይዘዋወራል። ሁሉም ቡድን በአንድ ጊዜ አይሠራም። ግማሹ ከግቢው ሲሠራ ግማሹ ግምቱን እየጻፈና እየሣለ ይቆያል። በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ከተያዘ ጊዜው ይበቃል።

ጋሽ የቀድሞ ርዕሰ መምህር

ሥራው በዚህ መልክ ከተከፈለና መቀሱ ከእርስዎ እጅ ካልወጣ ተቃውሞ የለኝም። ኩባያ ያዡን ልጅ ግን ከፊት ወንበር አይምረጡት፤ ከኋላ ይጥሩት።

የአብነት ተማሪ የነበርኩ (ቢቸና)

በጎጃም ደን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዙሪያው ተመንጥሮ በየደብሩ ግቢ ግን ዋንዛው፣ ወይራው፣ ጥዱና ዝግባው ቆሟል። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ማነጻጸር ይቻላል። የሁለቱም ወገን ክዳን የወጣለትና ጠርዙ በመዶሻ የለሰለሰ የድልህ ጣሳ ይዘን፣ ከደኑ ጠርዝ ውስጥ ቅጠሉን ገለል አድርገን በእንጨት እየመታን ጥቂት ወደ አፈሩ እናስገባዋለን። አንድ ኩባያ ውኃ አፍስሰን እስኪሰርግ ድረስ ልጆቹ ይቆጥራሉ። ከዚያ ከአጥሩ ውጭ ከብት በሚረግጠው ሜዳ ላይ እንደግመዋለን። ከደኑ ውስጥ ውኃው ቶሎ ይጠጣል፤ ሜዳው ላይ ልጆቹ መቁጠር እስኪሰለቻቸው ውኃው ተኝቶ ይቆያል። ዝናብ በደን ላይ ሲዘንብ ወደ ምንጭ፣ በተራቆተ መሬት ላይ ሲዘንብ ወደ ጎርፍ የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው። ከጮቄ የሚነሡት ምንጮችም ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከመሄዳችሁ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ፤ የጸሎት ሰዓት አትምረጡ፤ ቅጠል እንዳይበጠስ፣ ድምፅ እንዳይነሣ ልጆቹ ይነገራቸው። በኔ ልምድ ካህናቱ ዓላማው ሲነገራቸው ይደሰታሉ፤ ስለ ዛፎቹ ዕድሜና ጥቅም ራሳቸው የሚያስረዱም አሉ።

አዲስ መምህር (ፍኖተ ሰላም)

ይህን ውይይት ካነበብኩ በኋላ የሦስቱን ጠርሙስ ሙከራ ሠርቼ ነበር። ሰርዶ ካለበት ጠርሙስ የወጣው ውኃ ባዶ አፈር ካለበት ይበልጥ በዛ። ልጆቹም «ስለዚህ ሣር ጎርፍ ያመጣል» አሉ። ምን ልበላቸው?

የአፈር ባለሙያ (ደምበጫ)

የልጆቹ ድምዳሜ ካዩት ነገር የመነጨ ስለሆነ አይገሥጿቸው፤ ከእነሱ ጋር ሆነው ምክንያቱን ይፈልጉ። ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ። ከነሥሩ የተነሣው ሰርዶ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ካልተጣበቀ፣ ውኃው በአፈሩ ውስጥ ሳይሆን በግድግዳው ጥግ በኩል ይንሸራተታል፤ ይህን ለመከላከል ጠርዙን በእርጥብ አፈር ጠቅጥቀው ይሙሉት። ሁለተኛው፣ ባዶው አፈር ተፈልፍሎ የገባ ደረቅና ልቅ ከሆነ የመጀመሪያውን ውኃ ሁሉ ይጠጣል። ስለዚህ ሦስቱንም በዋዜማው አርጥበው እኩል ጠቅጥቀው ያሳድሯቸው፤ በማግሥቱ ሁለት ጊዜ ያውርዱባቸውና የሁለተኛውን ዙር ያነጻጽሩ። የውኃውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ከኩባያው ግርጌ የዘቀጠውን ጭቃም ይለኩ። በመጀመሪያው ሙከራም ቢሆን ከሰርዶው የወጣው ውኃ የጠራ እንደነበር እገምታለሁ።

አዲስ መምህር (ፍኖተ ሰላም)

እውነት ነው፤ የሰርዶው ኩባያ ግርጌው ይታይ ነበር፤ የባዶው አፈር ግን ጣት ቢነከርበት አይታይም። ጠርዙን ሞልቼ ሰኞ እደግመዋለሁ፤ ልጆቹ አዲስ ግምት እንዲጽፉም ዛሬ ነግሬያቸዋለሁ።